እትዬ «ልክ ነሽ» ያለችኝ ቀን

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። የልጄ ልጆች ማርታና ማርቆስ ከቦሎኛ በስልክ፣ እዚህ ደግሞ የሰፈር ልጃገረዶች ቀራንዮ ግቢያችን ድረስ መጥተው፣ «እማማ አስካለ፣ ጣልያን አገር እንዴት ሄዱ? ደግሞ ሰው ከዚያ ይመለሳል እንዴ?» እያሉ ያዙኝ። ከዚያ የሚመለሰው ያበደ ብቻ ነው የሚመስላቸው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ታላቅ እህቴ ብዙነሽ ናት፤ እሷም ቆንጥጣ ነው ያስቆጠረችኝ፤ ስለዚህ ጽሑፌ ከተጣመመ ቆንጣጯን ጠይቁ። ወሬዬም እንደ ሰፈራችን ፍየል ነው፤ ሲለቁት አጥር ለአጥር ይዞራል፣ ሲመሽ ግን ቤቱን አይስትም።

የሄድኩ ዕለት ማታ ቤታችን ሠርግ ይመስል ነበር፤ ለቅሶም ይመስል ነበር። ልጄ ሰናይት ቦሎኛ መንታ ወልዳለች። ባሏ የጭነት መኪና እየነዳ አገር ለአገር ይዞራል፣ እሷም ሥራ አላት፤ «እማዬ፣ ነይና ልጆቼን ያዢልኝ» ብላ ላከችብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ መጥቶ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ መልሶ ይስቃል። እትዬ ብዙነሽ ግን አላለቀሰችም። እሷ ከሻንጣው ጋር ትጣላለች። በራሷ እጅ በቀይ ክር የሰፋችውን የምጥን ሽሮ ከረጢት ለማስገባት ጫማዬን አውጥታ ጣለች። «ጫማ እዚያም አለ» አለችኝ። «ሽሮ ግን የለም።»

የእትዬን ሽሮ የማያውቅ ካለ የኮልፌ ሰው አይደለም። ሽምብራውን፣ አተሩን፣ ባቄላውን መርጣ፣ ቆልታ፣ በርበሬውንና ቅመሙን በዓይኗ መጥና፣ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ ታስፈጫለች። ከ18 ማዞሪያ ድረስ ሰው «የብዙነሽን ምጥን» እያለ ይመጣባት ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ከሞተ በኋላ እኔ ጋ መጥታ ሰናይትን አብረን አሳደግናት።

አሁን የዶሮውን ጉዳይ ካልነገርኳችሁ ምንም አይገባችሁም። ልጆች ሳለን አባታችን ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ገዝታችሁ ኑ ብሎ ላከን። ገዛን። ስንመለስ መድኃኔዓለም አጠገብ ስንደርስ ዶሮው ክንፉን አራግፎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዘሎ ገባ። ዲያቆናቱ ሲያባርሩት ወደ ወንዝ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ በሽሮ ዋልን። እግሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ይዛው የነበረችው እትዬ ናት። እሷ «ያሰርሽው ላላ» ትላለች፤ እኔ «የያዝሽውን ለቀቅሽ» እላለሁ። ስንዳር ተከራክረናል፣ ስወልድ ተከራክረናል፣ የእናታችን ሰልስት ላይ ለቀስተኛው ፊት ተከራክረናል። አንድም ቀን አንዳችን ለሌላዋ «ልክ ነሽ» ብላ አታውቅም።

እና ያን ማታ ታክሲው በር ላይ ቆሞ፣ እኔ እየተንሰቀሰቅኩ ስገባ፣ እትዬ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። ልትመርቀኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አስካለ» አለችኝ፣ «እኔን ብለሽ እንዳትመለሺ። ሰው ጠርቼ አላውቅም፣ አንቺንም አልጠራሽም። የልጅሽን ልጆች አሳድጊ።» ቀና አለችና ደግሞ ጎንበስ አለች። «ዶሮውን ያስመለጥሽው አንቺ ነሽ።»

በሩን ዘጋችው! ሹፌሩ እስከ ቦሌ ድረስ «የምን ዶሮ ነው እማማ?» እያለ ሄደ።

አውሮፕላን ላይ አንዴ ቀበቶውን ከታጠቅኩ ሮም እስክንደርስ አልፈታሁትም። ሮም ላይ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ጎልማሳ ሻንጣዬን አስከፈተኝና ከረጢቱን አወጣ። ቀዳዳ አበጀለት፣ አሸተተ፣ አስነጠሰ። ጓደኛውን ጠራ፤ እሱም አሸተተ፣ አስነጠሰ። «ይማርህ» አልኩ ለሁለቱም በተራ። ዓይናቸውን እየጠረጉ በእጃቸው ሂጂ ሂጂ አሉኝ። የእትዬ ሽሮ ጣልያንን እያስለቀሰ ገባ ማለት ነው።

አትሳቁብኝና፣ ጣልያንኛ እንደምችል ያወቅኩት ቦሎኛ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጋራዥ ሰው ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከጸሎት ቀጥሎ የሚሰማው የመኪና ዕቃ ስም ነው፤ ለካ ሁሉም ጣልያንኛ ኖሯል። አንድ ቀን ሰናይት ሥራ ሄዳ፣ ሕፃናቱ ተኝተው፣ መታጠቢያ ቤቱ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። የቤቱ ባለቤት ሲኞር ጂኖ የሚባል ከኛ በታች የሚኖር ሽማግሌ ነው። ወርጄ በሩን አንኳኳሁ።

«ሲኞር! ባኞ! ቱቦ! ቡሎን!» አልኩት፣ በጣቴ ውሃ ሲንጠባጠብ እያሳየሁ።

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መፍቻውን ይዞ እየሮጠ ወጣ። ማታ ሰናይትን ደረጃው ላይ አስቁሞ፣ «እናትሽ በአገሯ መካኒክ ነበረች?» ብሎ ጠየቃት። ፌርማታም ስል ይገባቸዋል፣ ፍሬን ስልም ይገባቸዋል። ግራ ያጋባኝ ቻው ነው። እኛ ስንለያይ ነው የምንለው፤ እነሱ ሲገናኙም ቻው ይላሉ። ገና ሳልቀመጥ የሚያባርሩኝ እየመሰለኝ ስንት ቦታ ተነስቼ ወጥቻለሁ።

ከሲኞር ጂኖ ጋር ጠባችን በሽንኩርት ነበር። ቁሌት ስጀምር ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይደበድባል። አንድ ቀን ወጥቶ መጣ፤ ሰናይት መሀል ቆማ ታስተረጉማለች።

«ሲኞራ፣ ሽንኩርትሽ አልጋዬ ድረስ ይመጣል።»

«ሽንኩርት እግር የለውም በያቸው። የሳቸው አፍንጫ ነው ሳይጠራ እኔ ቤት የሚወጣው።»

«ኪራይ እጨምራለሁ።»

«ከጨመሩ እኔም ሽንኩርት እጨምራለሁ።»

ሰናይት መጨረሻውን አላስተረጎምኩም ብላ ማለች፤ ሰውየው ግን ከዓይኔ ገብቶት ነው መሰለኝ እየሳቀ ወረደ።

ለመኖሪያ ወረቀቱ ኩዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ ቤት ሄድን። ወረፋው የጥምቀት ሕዝብ ነው። አንዲት ፖሊስ ጣቴን መስታወት ላይ አስጫነችኝ፤ ማሽኑ ዝም። አሁንም ጫኚ አለችኝ፤ ዝም። ጠርጋ፣ አሽታ፣ እፍ ብላ ሞከረች። «ይቺ ሴትዮ አሻራ የላትም» አለች። ስታጥብ፣ ስትፈትል፣ ስትልጥ የኖረች ሴት አሻራዋን የት ታገኘዋለሽ? ቀራንዮ ቀርቷል፤ ድስቶቼን ፈልጉ አልኳት። ከዚያ ፓስፖርቴን አየች።

«የተወለድሽው በፈረንጅ አዲስ ዓመት ቀን ነው?»

«ተጽፎ ከሆነ ነዋ።»

«ካገርሽ የሚመጣው አዛውንት ሁሉ የተወለደው በዚያ ቀን ነው። በሌላ ቀን አትወልዱም?»

«እንወልዳለን» አልኳት፣ «አንጽፍም እንጂ።»

ሰናይት ይህን አስተረጎመችው። ሴትዮዋ ሳቀች፤ አጠገቧ ያለውም ሳቀ፤ ማሽኑም እንደ ሰው ደስ ብሎት መሰለኝ አውራ ጣቴን ተቀበለ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምግባቸው ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ታቅፎ ይበላል፤ አንድ ቀን ሲኞር ጂኖን ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ ወንበሩ ሊገለበጥ ነበር። አንድ የሚያስቀና ነገር አላቸው፤ ከተማው በረንዳ በረንዳ ነው። የእግረኛው መንገድ ሁሉ ጣራ አለው፤ ዝናብ ቢወርድ፣ በረዶ ቢወርድ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሳትረጥቢ ትሄጃለሽ። መንታዎቹ አድገው ተማሪ ሲሆኑ፣ ማርታንና ማርቆስን በግራና በቀኝ ይዤ በዚያ ስሄድ፣ ይሄን ጣራ ከ18 ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ ብዘረጋው ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

እሁድ እሁድ ለእትዬ እደውላለሁ። እሷ ስልክ መያዝ አትወድም፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃችን ካለችው ባለሱቅ ከድንቄ ዘንድ ቁጭ ትላለች፣ እኔ በድንቄ ስልክ እደውላለሁ። የድንቄ ወላጆች ከጉራጌ መጥተው እዚህ የከበሩ ናቸው፣ እሷ ሱቁን ወርሳ ሰፈሩን በሙሉ ታስተዳድራለች፤ ጨው ትሸጣለች፣ ታስታርቃለች፣ ትቆጣለች።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ እንዴት ነሽ?»

«ይመስገን። ጤናሽ እንዴት ነው?»

«ይመስገን። ልጆቹ?»

«ይመስገን። ሰፈሩስ?»

«ሁሉም ደህና፣ ክብር ይግባው።»

እንዲህ እየተባባልን የስልኩ ሂሳብ ያልቃል። ደስ ብሎኝ እዘጋለሁ። ሰናይት ታየኝና ራሷን ትነቀንቃለች። እሷ ሥራዋ ባዳንቴ ነው፤ ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው የምትጠብቅ ማለት ነው። ማታ ስትገባ የምትጠብቃትን ሴትዮ ነገር ታወራልኛለች፤ መነጽሯን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፣ ድመቷን በሞተችው እህቷ ስም ትጠራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እንደ ንግሥት ተቀምጣ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ ልጇም ደህና ናት ብሎ ይሄዳል። «እማዬ፣ ሰው ሲያረጅ አፉ መጨረሻ ነው የሚያረጀው» አለችኝ አንድ ቀን። እኔ ስለ ፈረንጅ የምታወራ መስሎኝ ምስኪን ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ።

ከዚያ ሽሮው መጣ።

በየጊዜው መንገደኛ ሲገኝ እትዬ ሽሮ ትልካለች። አንዴ የላከችው በርበሬ የሌለው ነጭ ሆነ። «ለሕፃናቱ ብላ ነው፣ አሳቢ!» አልኩ። ቀጥሎ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት መንገደኛ ሦስት ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሦስቱም «ሽሮ አልቆባታል ብለው አደራ ሰጡኝ» አሉ። «ወይ ፍቅር!» አልኩ፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ያገሬ ልጆች፣ ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ፍቅር ብሎ ሲጠራው የሚያህለው የለም።

አንድ የጾም ቀን የወር ማኅበራችን እኛ ቤት ወደቀ። የቦሎኛ ሐበሻ ተሰብስቧል። የመጨረሻውን ከረጢት ፈትቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ሽሮው አልፈላ አለ፤ እንደ ሙጫ ያብጣል፣ ማማሰያውን ይይዛል። የጣልያን ውሃ ነው አልኩ። በጉንፋን አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ አፌም ጣዕም አጥቶ ነበርና ሳልቀምስ አቀረብኩ።

የኛን ሰው ጨዋነት መቼም ታውቁታላችሁ። አንዱ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። «እጅሽን ይባርከው» አለ። አንዷ ውሃ ለመነች። ሌላው፣ «በጾም መራራ ነገር ለደም ጥሩ ነው» ብሎ አጠገቡ ላለው አጎረሰ፤ ያኛውም የወንድ ልጅ ሞት ሞቶ ዋጠው። ሁሉም እያለቀሰ «ይጨመርልን» ይላል። ማርታ ናት የገላገለችን፤ ሰሐኑ ላይ ተፋችና፣ እኔን አያቷን በጣልያንኛ ጠርታ፣

«ኖና፣ ይሄ መድኃኒት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከረጢቱን አንስቼ አስቀመስኳቸው። አብሽ ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ የሚገባው አብሽ፣ ንጹሕ አብሽ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ! እኔም ከሰው ጋር እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። «መንገደኛው ከሰው ዕቃ ጋር ተቀያይሮበት ነው» አልኩ። ሲሄዱ ግን ከረጢቱን ገልብጬ አየሁት። ቀይ ክር ነው። የእትዬ አሰፋፍ፣ የእትዬ ቋጠሮ።

ሰናይት ሰሐን እያጠበች ዞር አላለችም። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እትዬ ብዙነሽ ብቻዋን መኖር የለባትም።»

«እህቴን ጃጀች ልትይ ነው?»

«እኔ እንዲህ አላልኩም። ነጭ ሽሮ፣ ከዚያ ሦስቴ፣ ከዚያ ይሄ። የኔዋ ሴትዮም የጀመራት እንዲህ ነው።»

«ያንቺ ሴትዮ ፈረንጅ ናት!» ብዬ በሩን ዘግቼ ገባሁ። ሌሊቱን ግን ሰናይት ልክ እንደሆነች ሆዴ ነግሮኝ አደረ።

እሁድ ደረሰ። ምን ብዬ ልጠይቃት? «ደህና ነሽ?» ካልኳት «ይመስገን» ትለኛለች፤ ያንን ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ይመልሰዋል። «ያ ጎረቤታችን እንዴት ነው፣ ማን ነበር ስሙ?» ብዬ ባጠምዳት፣ «አንቺ ስሙን ረሳሽ? ወይ ስደት!» ብላ ወደኔ መለሰችው። ብልጥ ናት። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ላናድዳት። ከተቆጣች ደህና ናት።

«እትዬ» አልኳት፣ «ዶሮውን ያስመለጥሽው አንቺ ነሽ።»

 የድንቄ ሚዛን ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማኛል።

«አዎ» አለች። «ልክ ነሽ አስካለ። እኔ ነኝ ያስመለጥኩት።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል! እልል ማለት ሲገባኝ ኩሽናው ወለል ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰናይት ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንሽ? ምን አለችሽ?»

«ልክ ነሽ አለችኝ!»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ...» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። «የምን ልክ ነሽ? በዶሮው?»

«በዶሮው።»

«ወይኔ እማዬ!» አለች። እኩል ተያይዘን አለቀስን፣ መሀል ላይ ደግሞ ሳቃችን መጣ፤ ሰው በዶሮ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ እትዬ መመለሱ ቀላል አልነበረም። ኩዌስቱራ ጠየቅን፤ አገርሽ ብዙ ከቆየሽ ወረቀትሽ ይሞታል አሉን። ማርቆስ፣ «ኖና፣ በበረንዳው ማን ይወስደናል?» አለኝ።  ብቀር ያቺ ሴት ብቻዋን እሳት ትለኩሳለች፤ ብሄድ እነዚህ ሁለት እጆች ከእጄ ይወጣሉ። ሰናይት ናት የቆረጠችልኝ። «እኔ የሰው እናት ስጠብቅ፣ ያሳደገችኝ ሴት ብቻዋን ትውደቅ? የሥራ ሰዓቴን እቀይራለሁ። ሂጂ።»

ሲኞር ጂኖ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ወረደ። «አሁን ማን ያስነጥሰኛል?» አለና አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ «ቻኦ ሲኞራ» አለኝ፤ ያን ጊዜ ቃሉ እንደኛ አገር ሆኖ ተሰማኝ።

ቀራንዮ ስደርስ እትዬ በር ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋ ንጹሕ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ።

«ማን ጠራሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ልጅሽን ጥለሽ? እኔ ጠርቼሻለሁ? ከስተሻል ደግሞ፤ እነዚያ ሰዎች አያበሉሽም?»

አቅፋ ሳመችኝ፣ ገፋችኝ፣ መልሳ ሳመችኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም የለባትም፤ በአፍ ከሆነ ከኔ ትሻላለች። በከንቱ መጣሁ አልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ባዶ ድስት እሳት ላይ ቀልቶ አገኘሁ። ሌላ ቀን ለቅዳሴ ለብሳ ወጥታ፣ ወደ መድኃኔዓለም መውረድ ሲገባት ዓለም ባንክ ሰፈር ደርሳ፣ የሚኒባስ ሰዎች አውቀዋት መለሷት። ድንቄ ሱቅ ሄጄ ተቆጣሁ።

«እንዴት አትነግሪኝም?»

«እትዬ አስካለ፣ ለስደተኛ ክፉ ወሬ ይነገራል?» አለችኝ። «እዚያ ማን ያጽናናዎታል? ሰፈሩ በሙሉ ሆነን ነው የደበቅንዎት። የአቶ ታፈሰን አልሰሙም?»

አቶ ታፈሰ ከላይኛው ቅያስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ አንድ ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቤታቸው ገብታ፣ «ወየው ታፈሰ! የሰፈሩ ዋርካ!» ብላ ሙሾ አወረደች። አቶ ታፈሰ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ቤተሰቡ ነውር ነው ብሎ ማንም አላስቆማትም፤ እንዲያውም ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ፤ ንፍሮም ተቀቀለ። ስትወጣ አቶ ታፈሰ እጅ ነስተው፣ «ብዙነሽ፣ እንዲህ የሚያምር ከሆነ፣ በውነቱ ቀን እንዳትቀሪብኝ» አሏት። ድንቄ ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ጆንያው ላይ ወደቅን በሳቅ። ከሳቁ ስነሳ ግን በቀጥታ ቤት ገብቼ ነጠላዋን አለበስኳት።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ብዙ ጠይቃት፣ ወደኔ ዞር ብላ፣ «ከእንግዲህ ብቻቸውን መተው የለባቸውም፣ እሳቱንም መድኃኒቱንም ሰው ይያዝላቸው» አለች። እንዴት ብዬ? እትዬ እኮ ማንም እንዲጠብቃት አትፈቅድም። ሠራተኛ ብቀጥር «ይቺ ደግሞ ምን ትፈልጋለች?» ብላ በበነጋታው አባረረቻት። ጎረቤት ሊያግዛት ቢገባ መጥረጊያውን ትቀማዋለች።

ስለዚህ እኔ ታመምኩ። አልጋ ላይ ወጣሁና፣ «እትዬ፣ ወገቤ! ጣልያን አገር ወገቤን አስቀርቼው መጣሁ! ብቻዬን አትተዪኝ» አልኩ።

«ድሮም ወገብሽ ሰነፍ ነው» አለችኝ፤ ግን ዓይኗ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኔ አትለይም። «የጋዙ ሽታ ያዞረኛል» ስላት እኔ ሳልኖር አትለኩስም። መድኃኒት ስውጥ አብራኝ የራሷን ትውጣለች፣ «ላሳይሽ፣ እንዲህ ነው የሚዋጠው» እያለች። ቤተ ክርስቲያን ክንዴን ይዛ ትወስደኛለች፤ መንገዱን የምመራው እኔ ነኝ፣ የምትደግፈኝ እሷ ናት። ሽሮ ስንመጥን እሷ ታዝዛለች፣ አብሹን ግን እኔ ነኝ የምይዘው። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን፣ ድንቄ ሁለታችንን።

ወረቀቴም እንዳሉት ሞተ። ክረምት ሲገባና የዓለም ባንክ ጭቃ ጫማዬን ሲቀማኝ፣ ያ የቦሎኛ በረንዳ ይመጣብኛል፤ ሁለት ትንንሽ እጆች በግራና በቀኝ። አሁን እሁድ እሁድ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። «ኖና፣ እንዴት ነሽ?» ይሉኛል። «ይመስገን» ማለት አቁሜያለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ትናንት ቁልፍ ጠፋብኝ፣ ከአልጋው ሥር አገኘሁት፣ ናፍቃችሁኛል፣ እያልኩ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። እነሱም እንዲህ ይንገሩኝ ብዬ ነው።

ዓመታት አለፉ። እትዬ አሁን አንዳንድ ቀን እማዬ ትለኛለች፤ አቤት እላለሁ። በዶሮው ጉዳይ ግን ሰፈሩን አስለቅቄዋለሁ። በእድር ስብሰባ፣ በክርስትና፣ «እህቴ ራሷ አምናለች! በስልክ፣ ድንቄ እየሰማች!» እላለሁ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጣ ፈገግ ብላ አጥሩን ታያለች። ባለፈው ጥምቀት ማግስትም ድንቄ ሱቅ ደጅ ለልጃገረዶቹ ይህንኑ ስተርክ፣ ድንቄ የምትመዝነውን ስኳር አስቀመጠች።

«እትዬ አስካለ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች። «እትዬ ብዙነሽ በመድኃኔዓለም አስምለውኝ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ያን እሁድ፣ እርስዎ ሳይደውሉ በፊት፣ እትዬ ብዙነሽ እዚህች በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ‹ድንቄ፣ ራሴ እየከዳኝ ነው። አስካለን ደግሞ ጠርቼ አላውቅም፣ ነይ ማለት አልችልም› አሉኝ። ከዚያ እርስዎ ደወሉ። እሳቸው ስልኩን ሲዘጉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደኔ ዞሩ። ‹አሁን ትመጣለች› አሉኝ። ‹ዶሮውን ግን ያስመለጠችው እሷ ናት።›»